ፊደል የቆጠሩት የት ነው? የመሠረተ ትምህርት ትውልድና የአረጋውያን አእምሮ ምዘና ታሪክ

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የመጀመሪያው ዙር ያተኮረው በከተሞች ላይ ነበር። በአዲስ አበባ የቀበሌ አዳራሾችና ትምህርት ቤቶች ከሥራ ሰዓት በኋላ የጎልማሶች መማሪያ ሆኑ። የጉሊት ነጋዴዋ፣ የቀን ሠራተኛውና የቤት እመቤቷ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው በዕድሜ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ፊደል ቆጠሩ። ከአብዮቱ በፊት ከሕዝቡ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በሂደት በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ይህ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል።

በዚያ ክረምት የ25 ዓመት ወጣት የነበረች ሴት ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏታል። የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ደግሞ በሕይወት ካለ ዘጠናን ተጠግቷል። በከተማችን ደቡባዊ ክፍል በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ካሉት አሮጌ የፋብሪካ ሰፈሮች አንስቶ እስከ ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ለቡና ጀሞ ድረስ በየጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ደጃፍ የሚሰለፈው አረጋዊ የዚህ ትውልድ ሰው ነው። የሚመጣው ለደም ግፊት፣ ለስኳር ወይም ለጉልበት ሕመም ነው። ምርመራው ካለቀ በኋላ ግን ይዛ የመጣችው ልጅ ወደኋላ ቀረት ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ መርሳት አብዝተዋል» ትላለች። ከዚያ በኋላ ባለሙያው የሚያደርገው ነገር በአብዛኛው የተመሠረተው በሌላ አገር፣ ለሌላ ዓይነት ሰው በተዘጋጀ መለኪያ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የመለኪያውንና የተመዛኙን ታሪክ ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ይሞክራል።

አማርኛችን «ጃጀ» የሚል ግሥ አለው። ቃሉ በሽታን አያመለክትም፤ የሚገልጸው ዕድሜ የገፋ ሰው ሊደርስበት ይችላል ተብሎ የሚታሰብን ሁኔታ ነው። «ካረጁ አይበጁ» የሚለው አባባልም ከዚሁ አመለካከት የተቀዳ ነው። እኛ የሕክምና ሰዎች ይህን እንደ ኋላቀርነት ለመቁጠር መቸኮል የለብንም፤ የራሳችን ሙያ ለስድሳ ዓመታት ያህል ከዚህ የተለየ ነገር አላለም። አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት የመረመሯቸው አውጉስተ ዴተር የ51 ዓመት ሴት ነበሩ። ታካሚዋ እ.ኤ.አ. በ1906 ሞቱ፤ አልዛይመርም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በቱቢንገን ከተማ በተደረገ የሐኪሞች ስብሰባ በአንጎላቸው ውስጥ ያዩትን ለውጥ አቀረቡ። ኤሚል ክሬፔሊን እ.ኤ.አ. በ1910 በመማሪያ መጽሐፋቸው ለበሽታው የአልዛይመርን ስም ሰጡት። ታካሚዋ ወጣ ባለ ዕድሜ ላይ ስላልነበሩ ስሙ የጎልማሶች ብርቅ በሽታ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የሰማንያ ዓመቱ አዛውንት ሲረሳ ግን የአውሮፓ ሐኪምም በራሱ ቋንቋ «ጃጅቷል» ከማለት አልፎ አልሄደም። ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮት በኒውካስል ያደረጉት የአስከሬን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 ሲታተም፣ ሮበርት ካትዝማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 የአረጋዊውና የጎልማሳው በሽታ አንድ መሆኑን ሲሞግቱ ነው መርሳት የዕድሜ ዕጣ ሳይሆን ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር የያዘው።

ጉዳዩ ሕመም ነው ከተባለ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተወው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ካትዝማንና ባልደረቦቻቸው የ137 አረጋውያንን አንጎል መርምረው አንድ አስገራሚ ነገር አገኙ። አሥሩ ሰዎች አንጎላቸው የአልዛይመር ምልክት የሞላበት ሆኖ ሳለ በሕይወት ዘመናቸው አእምሯቸው ንቁ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሻንግሃይ ከ5,055 አረጋውያን የተገኘው ውጤት ታተመ፤ የመርሳት በሽታ ትምህርት ባላገኙት ላይ በዝቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ዴቪድ ስኖውደን የመሩት የ678 መነኮሳት ጥናት አንድ ውጤቱን አወጣ። በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የጻፉት የሕይወት ታሪክ በሐሳብ የዳበረ የነበረው መነኮሳት ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ከበሽታው የተሻለ ተርፈው ተገኙ። ከእነዚህና ከመሳሰሉት ጥናቶች «የአእምሮ ስንቅ» ልንለው የምንችለው ሐሳብ ተወለደ፤ በሥራ የቆየ አእምሮ ጉዳት ሲደርስበት የሚመነዝረው ተቀማጭ አለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኒው ዮርክ ብሮንክስ የወጣው የ469 አረጋውያን ጥናት ማንበብን፣ የገበታ ጨዋታን፣ የሙዚቃ መሣሪያንና ጭፈራን ከዝቅተኛ የመርሳት በሽታ ጋር አያይዞ አቀረበ። በላንሴት መጽሔት ሥር የተቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ከዘረዘራቸው 14 ሊለወጡ የሚችሉ የአደጋ ምክንያቶች መካከል በልጅነት በቂ ትምህርት አለማግኘት አንዱ ነው፤ የመስማትና የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ድባቴና ብቸኝነትም አሉበት። ኮሚሽኑ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ ከመቶ 45 ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጽሐፍ የሚያነብ አረጋዊ የማይጃጀው ስለሚያነብ ነው ወይስ አእምሮው ገና ስላልደከመ ነው የሚያነበው? በሽታው ስሙን ከማግኘቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ውስጥ ውስጡን ስለሚጀምር ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው ከ2,800 በላይ አሜሪካውያን አረጋውያን የተካፈሉበት የአእምሮ ልምምድ ሙከራም በማስታወስ የሠለጠነው በማስታወስ፣ በፍጥነት የሠለጠነው በፍጥነት እንደተሻሻለ፣ አንዱ ልምምድ ግን ወደ ሌላው እንዳልተሻገረ አሳይቷል። ስለዚህ «አእምሮዎን ያሠሩ» የሚለው ምክር መሠረት የሌለው ባይሆንም ከምንናገርበት ድምፅ ያነሰ ማስረጃ ነው ያለው።

ለእኛ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ ጥናቶች «የአእምሮ ሥራ» ሲሉ በአመዛኙ የወረቀት ሥራ ማለታቸው ነው። ከመነኮሳቱ ብዙዎቹ መምህራን ነበሩ፤ የብሮንክሱ መጠይቅም መስቀለኛ ቃላትን ይጠይቃል። የላፍቶ እናት መስቀለኛ ቃላት ሞልተው አያውቁም። ነገር ግን የሁለት መቶ አባወራ እድር ሒሳብ በቃላቸው ይዘው ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ለማን ድንኳን ወጣ የሚለውን ለሠላሳ ዓመት ሲያስታውሱ ኖረው ሊሆን ይችላል። ሸማኔው የጥለቱን ክር ቆጠራ የሚይዘው በጣቱና በአእምሮው ነው። ገበጣ ተጫዋቹ ጠጠር ሲያነሳ ከሦስትና ከአራት ዙር በኋላ የሚደርስበትን ያሰላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቅኔ መምህሩ አለ። ቅኔ ለዕለቱ የሚቆጠር ነው፤ ትናንት የተሰማው ዛሬ አይደገምም። መምህሩ ሰምና ወርቁን፣ የቤቱን ልክና ሰዋስዉን ይዘው በየዕለቱ አዲስ ይዘርፋሉ፤ ይህንንም ዕድሜ እስኪያደክማቸው ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ወረቀት ያደርጉታል። ለአረጋዊ አእምሮ ከዚህ የበለጠ የተሟላ የዕለት ልምምድ ማሰብ ያዳግተኛል። የቅኔ መምህራን ከመርሳት በሽታ ይድናሉ ማለቴ ግን አይደለም። መጠይቃችን የማይጠይቀው የአእምሮ ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ለማመልከት ያህል ነው።

ትምህርት፣ ፊደልና ማሰብ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሌሎች አስቀድመው ደርሰውበታል። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 የሶቪየት መንግሥት የመሃይምነት ዘመቻ በሚያካሂድበት ጊዜ ወደ ኡዝቤኪስታን ተጉዘው ያልተማሩ ገበሬዎችን የምክንዮ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድብ ሁሉ ነጭ ነው፤ እገሌ የተባለ ቦታ በሩቅ ሰሜን ነው፤ እዚያ ያለው ድብ ምን ዓይነት ነው? ከገበሬዎቹ አንዳንዶቹ ያላዩትን ነገር እንደማይናገሩ መለሱ። ሉሪያ ይህን የረቂቅ አስተሳሰብ እጥረት አድርገው ወሰዱት። እኔ ግን ያላዩትን መመስከር ነውር በሆነበት ባህል ያደገ ሰው ከዚህ የተለየ ምን ሊመልስ ይችል እንደነበር እጠይቃለሁ። በላይቤሪያ በቫይ ሕዝብ ዘንድ የሠሩት ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን በይበልጥ ያጠራዋል። ቫዮች እንደ እኛ የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ በየቤቱ ይማሩታል። ከጎኑ የቁርአን ንባብና የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አለ። አጥኚዎቹ ሦስቱን ለያይተው ሲመዝኑ በአብዛኞቹ የሥነ ልቡና ፈተናዎች ላይ ልዩነት ያመጣው ፊደል ማወቁ ሳይሆን ትምህርት ቤት መግባቱ ነበር። ፊደል የሚያጎለብተው ሰው በፊደሉ የሚሠራውን ሥራ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት፣ የቁርአን ቤትና የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ጎን ለጎን ለነበሩበት አገር ይህ ውጤት እንግዳ አይደለም።

ዘግይቶ ፊደል መቁጠር በአንጎል ላይ አሻራ ይተዋል ወይ ለሚለው መልስ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከኮሎምቢያ የወጣ ጥናት ጫካ ውስጥ ሲዋጉ ቆይተው በጎልማሳነታቸው ማንበብ የተማሩ የቀድሞ ታጣቂዎችን አንጎል ፊደል ካልቆጠሩ መሰሎቻቸው ጋር አነጻጽሮ፣ የግራና የቀኝ አንጎልን በሚያገናኘው ክፍል ሳይቀር ልዩነት አየ። በዓመቱ ስታኒስላስ ዴሐን የመሩት ቡድን በብራዚልና በፖርቱጋል ጎልማሶች ላይ ተመሳሳይ ነገር አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከኒው ዮርክ፣ አራት ዓመትና ከዚያ በታች በተማሩ 983 አረጋውያን መካከል ማንበብ የማይችሉት በጥናቱ መጀመሪያ ላይ የመርሳት በሽታ ተይዘው የመገኘታቸው ዕድል ከሚችሉት ሦስት እጥፍ ገደማ እንደነበረ ተዘገበ። ድህነት፣ ምግብና ሕክምና ከመሃይምነት ጋር አብረው ስለሚጓዙ ማንበቡ ብቻውን ምን ያህል ይከላከላል የሚለው ገና ክርክር ነው። የናይጄሪያዋ ኢባዳን ነገሩን ይበልጥ ታወሳስበዋለች። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናት፣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ያልገቡት የኢባዳን አረጋውያን በዓመት በአልዛይመር የሚያዙበት መጠን 1.15 ከመቶ ሲሆን፣ የኢንዲያናፖሊስ አፍሪካ አሜሪካውያን ግን 2.52 ከመቶ ነበር።

አሁን ወደ ምርመራ ክፍሉ እንመለስ። በጤና ተቋሞቻችን ትውልድ ሁሉ የሚያውቀው መለኪያ ፎልስቲንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ከ30 የሚታረመው አጭር የአእምሮ ምርመራ ነው። ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ይህን አንብባችሁ የታዘዘውን አድርጉ፣ እነዚህን ሁለት ባለ አምስት ጎን ቅርጾች ገልብጡ ይላል። እርሳስ ጨብጠው ለማያውቁ እናት ሦስቱ ነጥቦች ገና ሳይጀመር ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ከ18,000 በላይ ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት መካከለኛ ውጤት 29 ሲሆን፣ ከዜሮ እስከ አራት ዓመት የተማሩት 22 ነበር። በተለምዶ ከ24 በታች ያመጣ ሰው ይጠረጠራል። በዚህ ስሌት ጥቂት ከተማሩት አሜሪካውያን ከግማሽ የሚበልጡት በጥርጣሬ መዝገብ ይገባሉ ማለት ነው።

ትርጉሙ የራሱን ችግር ይጨምራል። «ዓለም» የሚለውን ቃል ከኋላ ወደፊት ቁጠር የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል፣ አምስት ነጥብ ነው። በእኛ ፊደል ግን ቃሉ ሦስት ሆሄ ብቻ ስለሆነ አምስት ነጥብ ከየት ይመጣል? ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መውረድ በክፍል ውስጥ የተማረ ልማድ ነው። ሆኖም ይህን የማይመልሱት የጉሊት ነጋዴ ከሃምሳ ብር ላይ የሦስት ዓይነት ዕቃ ዋጋ ቀንሰው መልሱን ይሰጡ ይሆናል። ወቅቱን ቢጠየቁ ክረምት ወይም በጋ ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ቀኑን ሲጠየቁ ቁጥር ላይጠሩ ይችላሉ። «ዛሬ የገብርኤል ማግስት ነው» ካሉ ግን ወሩ 20 መሆኑን ነግረዋል። ሚካኤል 12፣ ማርያም 21፣ መድኃኔ ዓለም 27 መሆኑን የማያውቅ ወጣት መርማሪ ይህን ትክክለኛ መልስ ስህተት ብሎ ይመዘግባል። ሙስሊም አረጋዊም በጨረቃው ወር ቆጥረው ትክክለኛውን ሊነግሩን ይችላሉ።

የቦታ ጥያቄ ደግሞ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ራሱን የቻለ የታሪክ ፈተና ነው። ቀበሌ በከተሞች የተቋቋመው በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ በላዩም «ከፍተኛ» ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከፍተኛው ወረዳ ተባለ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተማ ስትከፈል የክፍለ ከተማውና የቀበሌው አደረጃጀት መጣ። ቆይቶ ቀበሌ ቀረና ወረዳ የሚለው ቃል ሌላ ክልል ይዞ ተመለሰ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ሲጨመር ክፍለ ከተሞቹ አሥራ አንድ ሆኑ። ከአንድ ቤት ሳይወጡ አራት አድራሻ ያፈራረቁ አዛውንት «ከፍተኛ» ብለው ቢመልሱ አእምሯቸው ሳይሆን መዝገቡ ነው የተቀያየረው። የአካባቢው ስም ራሱ ቀድሞ ከቆመበት የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ የተወረሰ ነው፤ ዛሬ ግን ነፋስ ስልክ ሲባል ስልኩን የሚያስብ ጥቂት ሰው ነው። ከዚህም ሌላ በላፍቶ፣ በፉሪና በጀሞ ዙሪያ በግብርና ይኖሩ የነበሩ፣ ከተማዋ እየሰፋች መጥታ የደረሰችባቸው አዛውንት የአፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ ነው። በአማርኛ ሲጠየቁ የሚዘገዩት በማሰብ ይሁን በመተርጎም ለመለየት በቋንቋቸው መጠየቅ የግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ «ያልተማሩ ስለሆኑ ነው» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ግን ሌላው ጥፋት ነው፤ እንደ እኔ ግምት የከፋውም እሱ ነው። ትናንት የእድር ሒሳብ ይዘው የነበሩ እናት ዛሬ የልጃቸውን ስም ከሳቱ የተበላሸ ነገር አለ። ድባቴ፣ የታይሮይድ እጥረት፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ከወራት በፊት ከደረጃ ወድቀው በራስ ቅላቸው ውስጥ የቋጠረ ደም፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ ወይም ለእንቅልፍ የታዘዘላቸው ኪኒን ሊሆን ይችላል። ለውጡ በቀናት ውስጥ የመጣ ከሆነ የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይፈለጋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ይታከማሉ። «ጃጅተዋል» የሚለው ቃል ከባለሙያ አፍ ሲወጣ የሚዘጋው በር ይህ ነው።

መውጫው ከአፍሪካ የመጣ መሆኑ ያስደስታል። የናይጄሪያው ነርቭ ሐኪም ቤንጃሚን ኦሱንቶኩንና ባልደረቦቻቸው በኢባዳን የተጠቀሙበት መጠይቅ አረጋዊውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚኖረውን ሰው ይጠይቃል። ዋናው መለኪያ ሰውዬው ከሌላ ሰው አንጻር ምን ያህል ያውቃል ሳይሆን ከራሱ ከትናንቱ አንጻር ምን አጣ የሚለው ነው። በታንዛኒያ የሃይ ወረዳ አረጋውያን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «አይዲያ» የተባለው አጭር ምርመራ ደግሞ እርሳስ አያስጨብጥም። ቅርጽ የሚያሠራው በክብሪት እንጨት ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የእንስሳት ስም ያስጠራል፤ ቃላት ሰጥቶ ቆይቶ ያስታውሳል። የክብሪት እንጨቱ ፈተና ቀድሞ ከኢባዳን የተገኘ ነው። ዓይንና ጆሮ አስቀድሞ ካልታየ ግን የትኛውም መጠይቅ ዋጋ የለውም፤ ሞራ የጋረደው ዓይን የክብሪቱን እንጨት አያይም።

በአገራችን ይህን ሥራ የሚሸከመው የሰው ኃይል ታሪኩ አጭር ነው። አማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተ ቢሆንም የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987፣ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003፣ የነርቭ ሕክምናው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ነፋስ ስልክ ላፍቶ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ብቻ 316,283 ነዋሪ ነበረው። ስለዚህ የመጀመሪያው መርማሪ የጤና መኮንኑ፣ ነርሱና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሆነው ይቆያሉ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ ቤት ለቤት ስትሄድ ሆስፒታል የማያየውን ታያለች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከመሐል ከተማ ወደ ጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተዛወሩ አረጋውያን አሉ። ሕንፃዎቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ አሳንሰር የላቸውም። ጉልበታቸው የታመመ እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ሲኖሩ እድሩ፣ ማኅበሩ፣ የጎረቤት ቡናውና የገበያ ክርክሩ አብረዋቸው አይወጡም። ለእኚህ እናት «አእምሮዎን ያሠሩ» ከማለት በፊት ከቤት ከወጡ ስንት ሳምንት እንደሆናቸው መጠየቅ ይሻላል። የአእምሮ ስንቃቸው ያለቀው በደረጃው ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ከጉልበት ሕክምና፣ ከልጅ ልጅ ክንድ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ወደ ላይ ከሚወጣ የቡና ማኅበር ሊጀምር ይችላል።

አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በ1971 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ዙሮች በአንድ ቀበሌ ከሚኖሩ፣ በኑሮ ከሚመሳሰሉ ጎረቤታሞች አንዷ ማምሻውን ወጥታ ፊደል ቆጠረች፤ ሌላዋ ሕፃን ይዛ ቤት ቀረች። አንዷ ከዚያ በኋላ በየጊዜው አነበበች፤ ሌላዋ የቆጠረችውን ረሳች። በጎልማሳነት የተገኘ ንባብ እርጅናን ምን ያህል እንደሚያግዝ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ የተፈጥሮ ንጽጽር ማግኘት ይከብዳል። ተነጻጻሪዎቹ ግን ሰማንያና ዘጠና እየሞላቸው ነው፤ በየዓመቱም ይቀንሳሉ። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆነ ታካሚ ካርድ ሲወጣ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር፦ ፊደል የቆጠሩት የት ነው? መልሱም ቄስ ትምህርት ቤት፣ ቁርአን ቤት፣ መደበኛ ትምህርት ቤት፣ መሠረተ ትምህርት፣ ወይም አልቆጠሩም የሚል ይሆናል፤ ከሥሩ ደግሞ ዛሬ ያነቡ እንደሆነና በሕይወታቸው ምን ሲሠሩ እንደኖሩ በአንድ ቃል ይጻፍ።